የጋሽ ደግፌ ቅርጫት

የማይገዛ ገዢ የሌለበት ሰፈር የለም። ሰፈሩ ውኃ ሊጠፋበት ይችላል፤ መብራትም ሊጠፋበት ይችላል፤ ይህ ሰው ግን አይጠፋበትም። ሱቅ ሲከፈት ቀድሞ ይደርሳል። ዕቃ ያስወርዳል፣ ያገላብጣል፣ በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ ያየዋል። ባለሱቋ መጠቅለያ ስትፈልግ እሱ በሩ ጋ ደርሷል። «አስቀምጭልኝ፣ እመለሳለሁ» ይላል። ደግሞም ይመለሳል። ችግሩም እሱ ነው፤ ሁልጊዜ ይመለሳል።

የእኛ ሰፈር የማይገዙ ገዢ ክቡር ጋሽ ደግፌ ናቸው። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ገባ ብሎ ባለው ግቢ፣ እኔ ከተከራየሁት ክፍል ፊት ለፊት ይኖራሉ። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ለሰው ሁሉ ዕቃ ሲያወጡ ኖረው ለራሳቸው አንድ እስክሪብቶ አላወጡም ይባላል፤ ይህንንም የሚሉት ራሳቸው ናቸው። የማዞሪያው ነጋዴዎች ስማቸውን ትተው «ጋሽ እመለሳለሁ» ይሏቸዋል። የቤት ዕቃ የሚሸጠው ቀጄላ ደግሞ ለእሳቸው ሲያወርድና ሲሰቅል ትከሻው ማለቁን ለመንገደኛው ሁሉ ይናገራል።

«ጋሽ ደግፌ፣ ይቺን ማንቆርቆሪያ ዛሬ ስንተኛ ጊዜ ማውረዴ ነው?» ይላቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ባላስወርድህ አቧራ በልቷት ይቀር ነበር። ልታመሰግነኝ ሲገባ!»

ካቻምና ጉልበታቸውን አመማቸውና ከግቢ መውጣት ቀነሱ። ነጋዴዎቹ አረፉ። የእህታቸው ልጅ ግን ስልክ ገዝቶ ሰጣቸው፤ እሳቸውም በአንድ ጣት እየነኩ፣ ምንም ዕቃ ማውረድ የማያስፈልግበት፣ ባለሱቅ የማይቆጣበት፣ ቀኑን ሙሉ ቢያገላብጡ ማንም ቀና ብሎ የማያያቸው ገበያ አገኙ።

ያ ገበያ እኔ የምሠራበት ነው። ገበያ ስል ከማዞሪያው ጀርባ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ አንድ ኮምፒውተር፣ ግድግዳውን የሞላ ካርቶን፣ እና እኔ። ሰው በስልኩ ያዝዛል፣ እኔ አሽጋለሁ፣ ባለሞተሩ ያደርሳል። የድርጅቱ ባለቤት ፋሲካ የምትባል ልጅ ናት፤ ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ ከኮምፒውተሩ አትለይም። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወንበር ስባ እያስቀመጠች የማያልቅ ነገር ታሳየኛለች። አንድ ቀን ያሳየችኝ «ያልተጠናቀቁ ቅርጫቶች» የሚል ዝርዝር ነበር። ዕቃ መርጠው ቅርጫት ውስጥ ከትተው፣ ሳይከፍሉ የሄዱ ሰዎች ናቸው።

«ከሄዱ በኋላ እንዴት ታውቂያቸዋለሽ?» አልኳት።

«ስማቸውን አላውቅም፣ እትዬ ራኬብ። ግን ስልካቸው ላይ ኩኪ የምትባል ትንሽ ምልክት እናስቀምጣለን። ነገ ሲመለሱ በሷ እናውቃቸዋለን፤ ቅርጫታቸውንም እንደተዉት እናቀርብላቸዋለን።»

«ላውንደሪ ልብስ ስናስገባ እንደሚሰጡን ቁራጭ ቁጥር ማለት ነዋ።»

«እንደሱ ነው። ልዩነቱ፣ ሰውየው ቁጥሩ ኪሱ ውስጥ መሆኑን አያውቅም።»

ከዝርዝሩ ሁሉ አንዱ ያስቃት ነበር። ቁጥሩ 2207 ነው። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ቅርጫቱ ውስጥ ዐሥራ ሁለት የሻይ ብርጭቆ፣ ሁለት ማንቆርቆሪያ፣ ስድስት በርጩማ፣ ሁለት ትሪ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና የመስኮት መጋረጃ አለ። በርጩማዎቹን ሰኞ ቀይ ያደርጋቸዋል፣ ማክሰኞ አረንጓዴ፣ ረቡዕ እንደገና ቀይ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰዓቱን አውጥቶ ሌላ ሰዓት ሲያስገባ ከረመ። ፋሲካ «ባለሀብቱ» ብላ ሰይማዋለች።

«ይሄ ሰውዬ ወይ ሆቴል ሊከፍት ነው፣ ወይ አብዷል» ትል ነበር።

እኔ ግን እያሸግኩ ማሰቤ አልቀረም። ለሰው የሚሄድ ብርድ ልብስ፣ ለሰው የሚሄድ ጫማ በፕላስተር ስጠቀልል እጄ ይሠራል፤ ሐሳቤ የ2207 ቤት ይገባል። ሻይ ቤት መሆኑ ገብቶኛል። ክረምት ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ወጨጫ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፤ መስኮቱ በእንፋሎት ደብዝዟል። የሚኒባስ ሾፌሮች ትከሻቸውን እያራገፉ ይገባሉ። በመስኮቱ ጥግ አንድ በርጩማ ባዶ ነው። እዚያ ተቀምጬ እግሬን እዘረጋለሁ። ማንም «ነይ» አይለኝም፤ ማንም «ሂጂ» አይለኝም። ፕላስተሩ ሲያልቅ ነው የምነቃው።

አንድ እሑድ ጋሽ ደግፌ ከበራቸው ሆነው ጠሩኝ።

«አንቺ ራኬብ! ነይ እስቲ፣ ይሄ ደቃቅ ፊደል ምን ይላል? መነጽሬ እምቢ አለኝ።»

ስልኩን ተቀበልኳቸው። «ቅርጫትዎ ይጠብቅዎታል» ይላል። ከሥሩ ዐሥራ ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት ማንቆርቆሪያ፣ ስድስት በርጩማ። አረንጓዴ።

ዓይኔ ስልኩ ላይ ቀረ። ስንት ወር እግሬን የዘረጋሁት ፊት ለፊቴ የሚኖር ሰው ቤት ነበር።

«ቅርጫትዎ ይጠብቅዎታል ነው የሚለው» አልኳቸው።

«አየሽ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው! ቀጄላ እንዲህ ብሎኝ ያውቃል? እግዜር ይስጥልኝ በያቸው፤ አንቺ እዚያ አይደለሽ የምትሠሪው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። ጋሽ ደግፌ ቅርጫት ውስጥ የከተቱት ዕቃ ሁሉ፣ እኛ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ በስማቸው ተለይቶ የተቀመጠ ይመስላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ «አስቀምጭልኝ» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ የሚያስቀምጥላቸው ቤት አገኙ። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ የሚገቡትም ለመግዛት አይደለም። ባለሱቆቹ ረስተውናል ብለው እንዳይቀየሟቸው፣ ይሉኝታ ይዟቸው ነው።

አንድ ጊዜ ከዐሥራ ሁለቱ ብርጭቆ ሁለቱን አወጡ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ድግስ ያለበት ሰው ይኖራል፤ እኔ ይዤበት ልቀመጥ?» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ራኬብ፣ በርጩማዎቹን አቧራ እንዳይበላቸው አንዳንዴ ጠረግ አድርጊልኝ» አሉኝ። እኛ ቤት አንድም በርጩማ የለም። ያለን ፎቶው ነው፤ ሰው ሲያዝዝ ፋሲካ ከአቅራቢው ታስመጣለች። «ትናንት ጠርጌያቸዋለሁ» አልኳቸው። በነጋታውም «ትናንት ጠርጌያቸዋለሁ» አልኩ። ከቆይታ በኋላ የጠረግኳቸው ሁሉ መሰለኝ።

ዕቃዎቹም እሳቸውን አይረሷቸውም። አንድ ጠዋት ተደንቀው መጡ።

«ይሄ በርጩማ ተከተለኝ እኮ! የኳስ ዜና ልይ ብዬ ስገባ ግብ ጠባቂው ጎን ቆሟል።»

«ማስታወቂያ ነው፣ ጋሽ ደግፌ። የነካኩትን ዕቃ እያየ ይከተልዎታል።»

«ምንም ይሁን። ሠላሳ አራት ዓመት ከሠራሁበት ቤት ስወጣ፣ አንድ ሰው ‹ደግፌ የት ገባ?› አላለም። በርጩማ ግን ፈልጎ አገኘኝ።»

እንዲህ እያልን ከርመን፣ አንድ ረቡዕ ፋሲካ እጇን እያፋተገች፣ ቅዳሜ አዲስ ሳይት ልትከፍት መሆኑን ነገረችኝ። ፈጣን ነው፣ ያምራል፣ ምን የመሰለ ነው።

«የሰዎቹ ቅርጫትስ?» አልኳት።

«አዲሱ የድሮውን ምልክት አያውቀውም። ይጠፋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ምን ይጎዳናል፣ እትዬ? የማይገዙ ሰዎች ናቸው።»

«አንዱን ብቻ መተው አይቻልም?»

ገልመጥ ብላ አየችኝ። «ባለሀብቱን ነው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ማን መሆኑን ብነግራት አንድ ነገር አይለወጥም፤ እሳቸውን መሳቂያ ማድረግ ብቻ ነው። ዕቃዎቹን ሁሉ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ በአዲሱ ሳይት እኔው መልሼ እሞላላቸዋለሁ አልኩና ለራሴ፣ ፋሲካ ስትሞክረው ከጎኗ ቆሜ አየሁ። ብርጭቆው አለ፤ ማንቆርቆሪያው አለ። በርጩማ ቀይ ብቻ ነው። አቅራቢው አረንጓዴውን ትቶታል።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ በራቸው ላይ ቆምኩ።

«ጋሽ ደግፌ፣ ያንን ዕቃ ከሚያቆዩት ቢገዙትስ? ሁሉንም እንኳ ባይሆን በርጩማዎቹን።»

«አንቺ ደግሞ! ሻይ ቤት እንዲህ በጥድፊያ ይከፈታል? ገና መጋረጃው አልተወሰነም።»

«እሺ፣ ዝርዝሩን በወረቀት ልጻፍልዎት። ምናልባት ስልኩ ቢበላሽ።»

እጃቸውን አወናጨፉ። «ወረቀት አታንሺብኝ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ላይ ያለ ዕቃ ስፈርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ወረቀቱ ላይ ስድሳ ወንበር አለ፤ መጋዘን ስትገቢ አይጥ ነው የሚቀበልሽ። ይሄ ግን» አሉና ስልኩን ደረታቸው ላይ አስደገፉት፣ «ይሄ ግን ያለ ነው።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «ደህና ይደሩ» ብዬ ገባሁ።

ቅዳሜ የድሮው ሳይት ተዘጋ። ፋሲካ ለስላሳ አስመጥታ ጠጣን። 2207ም ከሌሎቹ ጋር፣ አንድ ቁልፍ ስትጫን፣ ሄደ።

በነጋታው እሑድ ጠዋት፣ ልወጣ ነጠላዬን ሳደርግ፣ ሦስት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ፣ ጠሩኝ። ድምፃቸው የቀድሞው አልነበረም።

«ራኬብ። ባዶ ነው።»

ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስልኩን ሁለት እጃቸው ላይ አድርገው ያዩታል። ለዚህ ሰዓት ስዘጋጅ ነው ያደርኩት፤ ስለ ምልክቱ፣ ስለ ላውንደሪው ቁጥር፣ ስለ አዲሱ ሳይት፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ላስረዳቸው።

«ተሸጠ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከአፌ ወጣ።

«ብርጭቆዎቹ?»

«ብርጭቆዎቹም።»

«ማንቆርቆሪያዎቹ? ሰዓቱ?»

«ሁሉም፣ ጋሽ ደግፌ።»

«አረንጓዴዎቹም?»

«አረንጓዴዎቹም።»

የግቢው ሰው ይገባል ይወጣል። ጉልበታቸውን አሹ። ይህ ሰው አሁን ቢያለቅስ ምን አደርጋለሁ ብዬ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። እሳቸው ግን ቀና ሲሉ ግንባራቸው ተፈቷል።

«አንድ ሰው ነው የወሰደው?»

«አንድ ሰው ነው።»

«ሳያጎድል?»

«ሳያጎድል።»

«እንግዲያውስ ከፍቶታል ማለት ነው» አሉ። «ያንን ሁሉ አሟልቶ ወስዶ ቤቱ ሊያስቀምጠው ነው? ከፍቶታል። የሆነ ቦታ፣ አሁን እኔና አንቺ ስናወራ፣ ሰው ገብቶ ተቀምጧል።»

በሚቀጥለው እሑድ ልብሳቸውን ለባብሰው በሬን አንኳኩ። ከወራት ወዲህ ከግቢ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። አስኮ ድረስ በታክሲ ሄድን፤ ከዋናው መንገድ ገባ እያልን፣ በየሻይ ቤቱ በር አንገታችንን እያስገባን አየን። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ አየር ጤና ሄድን። በጋራዦቹ መካከል በጉልበታቸው ምክንያት ቀስ ብለን፣ ሳምንቱን ሲቆም በከረመው በእኔም እግር ምክንያት ቀስ ብለን። በሳምንት አንድ ቀን ነው የማርፈው፤ እሱንም ቀን የሌለ ቤት ስፈልግ እውላለሁ። የሌለ መሆኑን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቅርጫቱ ሲሰረዝ ለስላሳ ይዤ ቆሜ አይቻለሁ።

ባለፈው እሑድ ከአየር ጤና ወደ ውስጥ፣ ጠበብ ባለ መንገድ፣ ዝናብ ሲያካፋ አንዲት አዲስ ሻይ ቤት አገኘን። ቀለሟ ገና ይሸታል። ጋሽ ደግፌ ክርኔን ያዙኝ። መስኮቷ በእንፋሎት ደብዝዟል፤ ገርበብ ባለው በር ግድግዳው ላይ ሰዓት ይታያል፤ ትሪ ይዛ የምታልፍ ልጅ ትታየናለች። እሳቸውን ቀድሜ በሩን ገፋ አድርጌ በጥንቃቄ አየሁ። በርጩማዎቹ ቀይ ናቸው።

«እህ?» አሉኝ ጋሽ ደግፌ።

«አይደለም» አልኳቸው፣ «የእኛ አረንጓዴ ነው።» ቀስ ብለን መንገዱን ቀጠልን።