ለቴኒስ ተጫዋቿ የተደወለው ስልክ

ክፉ ወሬ በመደበቅ እኛን የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም። ምሳውን እስኪበላ፣ ፈተናውን እስኪጨርስ፣ ከመንገድ እስኪገባ እያልን መርዶውን እንደ አደራ ዕቃ ሸሽገን እናቆያለን። በደግነት ነው፤ እናንተም ቤት ሳይኖር አይቀርም። የእናቴን ሞት ወንድሞቼ አምስት ወር ደብቀውኛል። በዚያ መሀል በጻፉልኝ ሁለት ደብዳቤዎች እናቴ «ደህና ነኝ፣ አታስብ» ብላኛለች። ከመቃብር።

ያን ጊዜ ጋምቤላ ነበርኩ። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ ለየቢሮው ማኅተሙ ደርሶ ወንበሩ አልደረሰም። ከደጋ የሄድኩ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ፣ የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍሩ ከፖላንድ ለመጡት ለሚስተር ፒዮትር ከክፍል መልስ አስተረጉም ነበር። ልጃቸውን ኤቫን ያወቅኋት በዚህ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በአገሯ በወጣቶች የቴኒስ ውድድር ዋንጫ በልታለች።

ዋንጫውን ግን ልታየው አትወድም። በፍጻሜው ግጥሚያ ዕለት፣ ታማ የነበረችው እናቷ ጠዋት ሞታለች። አባትየው ያውቃሉ፤ ተመልካች መካከል ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። የነገሯት ዋንጫውን ከተቀበለች በኋላ ነው። «እሷ ሞታ እኔ እስቅ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ ራኬት አልያዘችም፤ ከአባቷም ጋር ከ«እንደምን አደርክ» ያለፈ ወግ የላትም። ምናልባት የአገር ለውጥ ያለሰልሳት እንደሆን ብለው ነበር ያመጧት።

ያለሰለሰቻት አሪየት ናት። አሪየት የውኃ ቢሮው ታይፒስት፣ የአኙዋ ልጅ፣ መረብ ኳስ የምትጫወት ቁመተ ሎጋ ናት። አባትየው ይዘውላት የመጡትን ራኬቶች ጥግ ተወሽቀው ብታይ «ይሄ ለምን ተኛ?» አለች። በማግስቱ ከሥራ በኋላ ባሮ ዳር ወርደው ካሮጌው የወደብ መጋዘን ግድግዳ ጋር ኳስ ያላጉ ጀመር። አሪየት ስትመታ ኳሱ ወንዝ ይገባል፤ ዓሣ አጥማጆቹ በጀልባ ያመጡታል። ኤቫ ሳቀች። ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች።

«ሳቂ» አለቻት አሪየት። «የእኔም እናት ሞታለች። እስቃለሁ።»

አብሬያቸው ነበርኩና ለኤቫ ተረጎምኩላት።

ሁለት ወር እንዲህ ተጫውታ፣ ከአዋቂዎች ጋር የመጀመሪያዋ ለሚሆነው ውድድር ወደ አገሯ ተመለሰች። ስትሄድ የማረፊያዋን ስልክ ጽፋ ሰጠችኝና፣ አባቷ አንድ ነገር ቢሆኑ ያኔውኑ እንድነግራት ቃል አስገባችኝ። ቃል መግባት ምን ይከብዳል?

በውድድሩ ዋዜማ ሚስተር ፒዮትር በወባ ወደቁ። ወባው ወደ ጭንቅላታቸው ወጣ። ትንሽ ራሳቸውን ሲያውቁ የሚሏት አንዲት ነገር ናት፦ «እንዳትነግራት። ትጫወት።» ሐኪሙን ብጠይቀው «እግዜር ያውቃል» አለኝ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ለመደበቅ ቆርጬ ነበር። ያደግኩበት ነዋ።

በነጋታው አሪየት ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ ደወልክ?»

«ጨዋታዋን ትጨርስ ብዬ...»

«ቃል ገብተሃል። አንተ የእናትህን ጊዜ፣ ለምን ደበቁኝ ብለህ አልቅሰሃል። አይቻለሁ።»

ስልክ ቤት ሄድን። ኦፕሬተሯ ሦስት ጊዜ ሞክራ ከኤቫ ጋር አገናኘችን፤ ነገርኳት።

«በሕይወት አለ?» አለች ኤቫ።

«አሉ። ግን ክፉኛ ታመዋል።»

ልቅሶ፤ እንደ ሕፃን። ቆይታ «ከአንድ ሰዓት በኋላ እጫወታለሁ» አለች። ተጫወቺ ልበላት? ተይው ልበላት? መስመሩ ተቋረጠና ገላገለኝ።

በማግስቱ ቴሌግራም ደረሰን፦ «ተሸነፍኩ። እየመጣሁ ነው።»

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ቴሌግራሙን ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ ከትራሳቸው ተነሡ፦ «የልጄን የመጀመሪያ ውድድር አበላሸህባት!» አንገቴን ደፋሁ። ጮኹ፣ ደከሙ፣ ተኙ። ኋላ ቀስ ብለው፣

«ስትነግራት ምን አለች?»

«አለቀሰች።»

«ለእኔ?»

«ለእርስዎ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። አሪየት ደጅ ቆማለች።

«ተቆጡ?»

«በጣም።»

«ጥሩ» አለች፣ ነጠላ ጫማዋን እያጠለቀች። «ድነዋል ማለት ነው።»