ሙቀት የሚወደው ክዳን

ሰው ከሰመራ ለመዛወር የማያመጣው ሰበብ የለም። አንዱ ደም ግፊት፣ ሌላው አስም፣ ሌላው የታመመች አክስት ያቀርባል። እኔ ራሴ አክስቴን ሁለት ጊዜ አሳምሜያታለሁ፤ ሴትዮዋ ግን ዛሬም በግ እየጎተተች ገበያ ትወጣለች። ወደ ሰመራ አዛውሩኝ ብሎ ደጅ የጠና ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የቢሮ ባልደረባዬና የግቢ ጎረቤቴ ጌታነህ። ምክንያቱን ብትጠይቁት ሳያፍር ይነግራችኋል፤ ፕላስቲኩ ሙቀት ስለሚወድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌታነህ በገዛ እጁ አውሮፕላን ይሠራል። አዎ፣ አውሮፕላን! ሌላው ሰው ጓሮው ውስጥ ጎመን ሲተክል እሱ ክንፍ ይተክላል። ክንፉም ጭራውም በደህና አልቀዋል፤ ያስቸገረው ከአብራሪው አናት በላይ የሚደፋው ክዳን ነው። አክሪሊክ የሚባል መስታወት መሳይ ፕላስቲክ ሲሆን ጠባዩ ከአማት ይብሳል። ከበረደው ይሰነጠቃል፣ ቸኩለው ከበሱት ይሰነጠቃል፣ ብሎኑን ካጠበቁበት ደግሞ ቂም ይዞ ከርሞ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን ክዳን አዲስ አበባ ሳለ፣ በክረምት፣ የመጨረሻዋን ቀዳዳ ሲበሳ ለሁለት ከፈለው። ያን ጊዜ ሚስቱ ወይንሸት፣ ደግሞ አንዴ ይሰንጠቅና ይህ አውሮፕላን የዶሮ ቤት ነው ብላ በጊዮርጊስ ማለች። ወይንሸት ምላ አፍርሳ አታውቅም። ዶሮዎቹንም ከወዲሁ ገዝታለች።

የአዲሱ ክዳን መመሪያ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ክፍሉን አሙቁ ይላል። ይህን ስናነብ እኔና ጌታነህ ተያይተን ሳቅን፤ ሰመራ ላይ ክፍል የሚያሞቅ ሰው ቢገኝ ጸበል ነው የሚወሰደው። ካያያዝ ይቀደዳል እየተባባልን፣ ድሪሉን እያባበልን፣ ሁሉንም ቀዳዳ በሰላም በሳን። ክዳኑ ግጥም አለ። ጉንዳን የምታልፍበት ክፍተት እንኳ አልነበረውም።

የቀረው መቀርቀሪያው ነበር። ለዚህ ከሚሌ ጋራዥ መሐመድን አስመጣን። መሐመድ ዕድሜ ልኩን የጅቡቲ መንገድ ተሳቢዎችን በር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ እሱ ዘንድ በር ማለት ሌባ እንዳይገባ ከውጭ የሚቆለፍ ነገር ነው። ከውስጥ የሚከፈት ምን ያደርጋል? ጭነት በር ከፍቶ አይወርድማ!

የሙከራው ዕለት ረፋድ ላይ ጌታነህ ገብቶ ተቀመጠ። መሐመድ ቁልፍ የባለንብረት ነው ብሎ መቀርቀሪያው ላይ ከውጭ የሚገባውን የጓጉንቸር ቁልፎች ሁሉ ኪሱ ከተተለት። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብሎ ደፋና ቢስሚላህ ብሎ ጓጉንቸሩን ቀጭ አደረገው። አጨበጨብን። ጌታነህም ከውስጥ አጨበጨበ። ቆየት ብሎ ግን ጭብጨባውን ትቶ ማንኳኳት ጀመረ።

ቁልፉ የት እንዳለ የገባን ያን ጊዜ ነው። ክዳኑ ከውስጥ ጉም ለበሰ፤ ሰውየው ዓይናችን እያየ ሊቀቀል ነው። መሐመድ ያ አላህ ብሎ መዶሻ ሲያነሣ፣ ጌታነህ በሁለት እጁ እንዳትነኩት ብሎ ተማጸነን። በአውሮፕላን የሚሞት ሰው እኮ ቢያንስ ከመሬት ይነሣል!

ሁላችንም ወይንሸትን አየን። ክዳኑ ቢሰበር ከእሷ በላይ ደስ የሚለው ማን አለ? እሷ ግን መዶሻውን ነጥቃ ወረወረችና ካቻቢቴ አምጡ አለች። ይህ ነገር ከተሰበረ ባሌ ቢወጣም አልወጣም አለችን። ደግነቱ ብሎኖቹ የታሰሩት ከውጭ ነው። እያለቀሰች፣ እየተሳደበች፣ ግን ሳትቸኩል አንድ በአንድ ፈታቻቸው። እሱም ከውስጥ ቀስ በይ፣ ቀስ እያለ ይመራታል። ባልና ሚስቱ እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም።

እኔና መሐመድ ክዳኑን ከነትኩሳቱ ግራና ቀኝ ይዘን አነሣነው። ጭረት እንኳ የለበትም። ጌታነህ ተንገዳግዶ ወጥቶ አጠገባችን ቆመ። መሐመድ አልሐምዱሊላህ አለ፤ የእኔም እንባ መጣ።

ሰመራ ውስጥ ሙቀት የመታውን ሰው ደህና ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ በረዶ ውሃ ነው። ወይንሸት ከደስታዋ ብዛት ባልዲውን ከነበረዶው አንሥታ ባሏ ላይ ደፋችው። ግማሹ ለባሏ ደረሰው፤ ግማሹ ለክዳኑ።

ቋ! አለ።

 ስንጥቁ ከእኔ እጅ ተነሥቶ መሐመድ እጅ ድረስ ሄደ። ጌታነህ ውሃ እየተንጠባጠበ ሚስቱን አየ። እሷ ክዳኑን አየች፣ ዶሮዎቹን አየች፣ ባዶውን ባልዲ መሬት አስቀመጠችና፣

«ምን ይደረጋል፤ ለዶሮዎቹ ነፋስ ያስገባላቸዋል» አለች።