የሃምሳ አለቃ ክሪስፒን ባልጩቶች

በሶኖራ በረሃ ዳር የቆመው የስፔን ንጉሥ ምሽግ ጠላት የሚንቀጠቀጥላቸው አርባ ጠመንጃዎች ነበሩት፤ ይህን ለጠላት የነገረው ሰው ግን አልነበረም። የመሣሪያ ኃላፊው ሃምሳ አለቃ ክሪስፒን አርቪሱ ነበር። ካረጀ በኋላ ይህን ሲያወራ «ከእኔ የባሰ ቂል ቢያገኙ ኖሮ ሥራውን ለእሱ ይሰጡት ነበር» ይላል።

የዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚተኩሰው የባልጩት ድንጋዩ ብረቱን ገጭቶ ብልጭታ ሲሰጥ ነው። ባልጩቱ ደግሞ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ክሪስፒን አቤቱታ በጻፈ በሰባተኛው ወር መልስ መጣ፦ «የባልጩት እጥረት መኖሩ ስለታወቀ፣ እጥረቱ እንዳይታይ ተገቢው እርምጃ ይወሰድ።»

ክሪስፒን ተገቢውን እርምጃ ወሰደ። ከግራር እንጨት አርባ ባልጩት ጠርቦ፣ በአመድና በሞራ ቀባቸው። ሥራው እጅግ ከማማሩ የተነሳ እንጨት መሆናቸውን ራሱም ረሳው።

የንጉሡ መርማሪ ዶን ላዲስላዎ በመጡ ቀን ጦሩ ተሰለፈ። መርማሪው እያንዳንዱን ጠመንጃ አይተው «እንከን የለሽ!» እንዳሉ፣ ጠላት የተባሉት አምስት የአፓቼ ፈረሰኞች ከግጦሹ ላይ የምሽጉን ፈረሶች በእርጋታ መንዳት ጀመሩ።

«ተኩስ!» አሉ መርማሪው።

አርባ ጠመንጃ በአንድ ላይ ቀጭ አለ። ክሪስፒን ሮጦ ወጣና አንዱ ፈረሰኛ ላይ በቅርብ አነጣጠረ። ቀጭ። ደገመ። ቀጭ። ፈረሰኛው ልጓሙን ያዝ አድርጎ ጠበቀው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ልቆይልህ ወይስ ልሂድ?» አለው በጥሩ ስፓኒሽ።

«ሂድ በቃ፣ አታድክመኝ» አለ ክሪስፒን። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር።

ፈረሶቹ ከአቧራው ጋር ጠፉ። ክሪስፒን የሚጠብቀውን ጅራፍ እያሰበ ከመርማሪው ፊት ተንበረከከ።

«ክቡርነትዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ባልጩቶቹ እንጨት ናቸው።»

መርማሪው ግራ ቀኙን ቃኝተው ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉ።

«ዝም በል አንተ! ዘጠኝ ምሽግ አይቻለሁ፤ ሁሉም እንጨት ነው። እንዳንተ አሳምሮ የቀባ ግን አላየሁም።» ከዚያም የራሳቸውን ሽጉጥ ከወገባቸው መዝዘው በቀስታ አቀበሉት።

«የእኔም ባልጩት ቀለሙ ለቋል። እስከ ምሳ ታደርስልኛለህ?»