ያለ ቀዳዳ የሚሰቀል ጨለማ

ቨርና፦ አልኩሽ እኮ! ሚስማር አይነካውም፣ ድሪል አይነካውም፣ የሰው እጅ አይነካውም!

ፐርል፦ የሰው እጅ ካልነካው ማን ሊሰቅለው ነው ታዲያ?

ቨርና፦ ነገር አታብዢ፤ ወንበሩን ያዢልኝ!

ፐርል፦ ይዣለሁ።

ቨርና፦ የያዝሽው አንቺ የተቀመጥሽበትን ነው! እኔ የቆምኩበትን!

[እህትማማቾች ናቸው፤ ቨርና ታላቅ፣ ፐርል ታናሽ። ሁለቱም ባሎቻቸውን ቀብረው፣ በሰሜን ካናዳ፣ የሎውናይፍ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር የሀልቮርሰንን ፎቅ ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። በዚያ አገር በሰኔ ፀሐይ ጠለቀች የሚባለው ለወጉ ነው፤ ትንሽ ጎንበስ ትልና መልሳ ቀና ትላለች። ይኸው እራት ተበልቶ፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ የፐርል መኝታ ቤት መስኮት እንደ እኩለ ቀን ያበራል። ቨርና ሰሞኑን ሙሉ ሜትር ይዛ መስኮት ስትለካ ነው የሰነበተችው። ዛሬ ቁርስ ላይ ግን ፐርል ዳቦዋን ቅቤ እየቀባች፣ «እንቅልፍ በሌለበት ቤት መኖር አቃተኝ፤ ልጄ ግሌን ጋ ሳስካቱን ከተማ እሄዳለሁ» አለች። ልክ ጨው አቀብዪኝ እንደማለት። ቨርና ከዚያ ወዲያ እህል አልወረደላትም። «አትሂጂብኝ» የሚል ቃል ደግሞ ካፏ ወጥቶ አያውቅም። ኮቷን ደርባ ገበያ ወጣችና ሦስት ዓይነት መጋረጃ ተሸክማ ተመለሰች።]

ፐርል፦ እትዬ፣ ሰው ሁሉ እኮ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ነው የሚለጥፈው። የታችኞቹ ለጥፈዋል፣ ፖስታ ቤት ያለችዋም ልጅ ለጥፋለች...

ቨርና፦ እኛ ድንች ነን? በፎይል የምንጠቀለለው ድንች ነን ወይ?

ፐርል፦ እኛን አይደለም፣ መስኮቱን ነው።

ቨርና፦ መስኮቱስ ድንች ነው?

ፐርል፦ [ቆም ብላ አስባ] አይደለም።

ቨርና፦ እንግዲያው!

ፐርል፦ በድሪል አንድ ሁለት ቦታ በስተን ብንገላገልስ? ሀልቮርሰን ደግ ሰው ነው፣ ብንለምነው...

ቨርና፦ ውሉ ላይ አንዲት ቀዳዳ ከበሳችሁ ትወጣላችሁ ይላል! የተከራየ ሰው ያለ ቀዳዳ ነው የሚኖረው።

ፐርል፦ የበሩ ቁልፍ የሚገባበትስ?

ቨርና፦ እሱ የሀልቮርሰን ቀዳዳ ነው! የኛ አይደለም! አሁን ተመልከቺ። ይሄ የወረቀት ነው። እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል፣ አናቱ ላይ ሙጫ አለው፣ ልጦ መለጠፍ ብቻ። አልጋሽ ላይ ውጪና ጨልሞ እንደሆነ ንገሪኝ።

ፐርል፦ [ጋደም ብላ] ጨልሟል።

ቨርና፦ ገና አላወረድኩትም እኮ!

ፐርል፦ ዓይኔን ጨፍኜ ነዋ።

ቨርና፦ ግለጪው!

ፐርል፦ ከገለጥኩትማ ምን መተኛት ይባላል?

ቨርና፦ ተኚ ማን አለሽ? ፈትሺልኝ ነው ያልኩሽ!

ፐርል፦ መጋረጃው ለመተኛት ከሆነ ተኝቼ ነው የምፈትሸው።

ቨርና፦ አንቺ ሴት፣ ተኝተሽ እንዴት ልታዪ ነው?

ፐርል፦ እኔስ ምን አልኩ? ካላየሁ ጨልሟል ማለት ነው።

[ቨርና የለጠፈችውን ወረቀት ወደ ታች ትስብ ጀመር። በጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ስትሠራ ዘመኗን ሙሉ ደንበኛ አስተናግዳለች፤ ሙሽራ ያውም የምታለቅስ ሙሽራ መልሳ ሸኝታለች። እንዲህ ያለ ነገር የነገራት ግን አልነበረም። እየሳበችው ሳለ ሙጫው ለቀቀና ወረቀቱ እንዳለ አናቷ ላይ ወረደ።]

ቨርና፦ [ከወረቀቱ ውስጥ] ቀለሙ ነው! የቤቱ ቀለም ቅባት አለው! መጀመሪያ በአልኮል መጥረግ ነበረብሽ!

ፐርል፦ እኔ?

ቨርና፦ ታዲያ እኔ ነኝ?

ፐርል፦ እትዬ፣ እዚያ ውስጥ ጨልሟል?

ቨርና፦ ድቅድቅ ነው!

ፐርል፦ እንግዲያው ጥሩ ዕቃ ነው፤ አትመልሺው።

[ቨርና ወረቀቱን ከላይዋ ገፍፋ ወረወረችና ሁለተኛውን ካርቶን ከፈተች።]

ቨርና፦ ይሄኛው ባለሞላ ዘንግ ነው። ውስጡ ሞላ አለው። በግራና በቀኝ የመስኮቱን ፍሬም ተጭኖ በራሱ ጉልበት ይቆማል። ሜትሩ የታለ? ተይው፣ ሂጂና ለኪልኝ።

[ፐርል ትወጣለች። ትንሽ ቆይታ ሁለት እጆቿን እንደ ዓሣ አጥማጅ ዘርግታ፣ በጎን በጎኗ እየሄደች ትገባለች።]

ፐርል፦ ይኸው። እንዳይዛባብኝ በሩን በክርኔ ነው የከፈትኩት።

ቨርና፦ ከየት ነው ያመጣሽው?

ፐርል፦ ከወጥ ቤቱ መስኮት።

ቨርና፦ የምንሰቅለው እዚህ እኮ ነው!

ፐርል፦ የዚህኛው ፀሐይ ዓይን ይወጋል። እዚያ ጥላ ስላለ ተመችቶኝ ለካሁ።

ቨርና፦ አምላኬ ሆይ! እጅሽን አውርጂ!

ፐርል፦ ልኩ አይጠፋም?

[ቨርና ዘንጉን ራሷ መስኮቱ ውስጥ ወትፋ ማዞር ጀመረች። አዞረች። አሁንም አዞረች። ፍሬሙ ቀጭ አለ።]

ፐርል፦ እትዬ፣ ቤቱ እያቃሰተ ነው።

ቨርና፦ ቀዳዳ የለበትም! ያቃስት!

[ዘንጉ ተስፈነጠረ። በፐርል አልጋ ላይ አልፎ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ የውጭውን በር ደርግሞ ወደቀ።]

ፐርል፦ እሱም ሳስካቱን ሊሄድ ነው መሰል።

[ቨርና አልሳቀችም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከዚህ በፊት፣ የቨርና ባል በሞተ ሰሞን፣ ፐርል አንድ ድስት የዓሣ ሾርባ ይዛ መጥታ «ብቻዬን አልጨርሰውም» ብላ እዚያው ቀረች። ማንም ኑሪ አላለም፣ ማንም ልኑር አላለም። ሾርባውም እስካሁን ያላለቀ ይመስላት ነበር።]

ቨርና፦ ሳስካቱን ምን አለ?

ፐርል፦ ግሌን አለ።

ቨርና፦ ሌላስ?

ፐርል፦ ሌሊት አለ።

ቨርና፦ [ብድግ ብላ] ሌሊት እኔም አመጣልሻለሁ! ሦስተኛውን አቀብዪኝ!

ፐርል፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

ቨርና፦ ተጠቅላይ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ብርሃን የማያሳልፍ። ከላይ የላስቲክ መጣበቂያ አለው፤ እርጥብ አድርገሽ መስታወቱ ላይ ስትጫኚው ጥብቅ ይላል። ፍሬም አይልም፣ ግድግዳ አይልም። ቀድሞም ይሄ ነው የሚሻለው ብዬ ነበር።

ፐርል፦ ቀድሞ የወረቀቱ ነው ያልሽው።

ቨርና፦ ከወረቀቱ ቀድሞ!

[ለጠፈችው። ያዘ። ክፍሉ ጨለመ። ፐርል እንደ ልማዷ ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞረች። ቨርና ከወንበሩ ልትወርድ አንድ እግሯን ስታነሳ አንደኛው ላስቲክ ጵስስ አለና ለቀቀ። ተወርውራ መጋረጃውን በሁለት እጇ ያዘችው። ሁለተኛውም ጵስስ አለ። እንግዲህ መጋረጃው የተሰቀለው ቨርና ላይ ነው።]

ቨርና፦ [በሹክሹክታ] ፐርል፣ ተኛሽ?

ፐርል፦ [ከብርድ ልብሱ ውስጥ] ተኝቼ ነበር።

ቨርና፦ ጥሩ ነው። ተኚ።

[ውጭ ቁራ ይጮኻል።]

ቨርና፦ ፐርል፣ አሁንስ ተኛሽ?

ፐርል፦ አሁንም ተኝቼ ነበር።

ቨርና፦ በይ በይ፣ አልጠይቅሽም።

[አልጠየቀችም። ሐኪም ቤት ያመላለሳት ትከሻዋ ተቃጠለ፣ ጣቶቿ ደነዘዙ፣ አፍንጫዋን በላት፤ አላከከችውም። ብታወርደው ፀሐይ ይገባል፤ ፀሐይ ከገባ ፐርል ትነቃለች፤ ፐርል ከነቃች ሳስካቱን ነው። እንደ ቆመች ብዙ ቆየች። በኋላ ፐርል ለሽንት ተነሳች። እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ስትዳብስ መጥታ ከወንበሩ ጋር ተጋጨች።]

ፐርል፦ ማነው?

ቨርና፦ እኔ ነኝ።

ፐርል፦ [ከዓይኗ ላይ የሆነ ነገር ከፍ አድርጋ] ምን ሆነሽ ነው ወንበር ላይ?

ቨርና፦ ጨለማውን ይዤልሽ።

ፐርል፦ ለኔ? እኔ ምን ያደርግልኛል?

ቨርና፦ እንዴት ምን ያደርግልኛል! [በመጋረጃው ጠርዝ በሚገባ ጭላንጭል ተመልክታት] ደግሞ ያ ራስሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ፐርል፦ የክረምት ኮፍያዬ ነው።

ቨርና፦ በሰኔ?

ፐርል፦ ሳብ ስታደርጊው አፍንጫ ድረስ ይወርዳል። ፀሐይዋ አልጠልቅ ካለች ጀምሮ እንዲህ ነው የምተኛው። ጭል የሚል ነገር የለም።

ቨርና፦ ታዲያ... እንቅልፍ በሌለበት ቤት ያልሽው?

ፐርል፦ አንቺን ነዋ! ልክ ሸለብ ሲያደርገኝ ሜትር ይዘሽ ትመጫለሽ። ወንበር ትጎትቻለሽ። ቀስቅሰሽኝ «ተኛሽ?» ትያለሽ። ከፀሐይዋ ጋርማ ምን ጠብ አለኝ?

[ቨርና መጋረጃውን እንደያዘች ወደ ፐርል ጎንበስ አለች።]

ቨርና፦ እና ልትሄጂ ነው?

ፐርል፦ አንቺ ከተኛሽ የት እሄዳለሁ? ግሌን ያንኮራፋል።

ቨርና፦ አንቺ ጉድ! ይሄን ሁሉ መጋረጃ ስሰቅል ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ?

ፐርል፦ ላንቺ መስሎኝ። እኔማ እንቅልፍ የማይወስድሽ አንቺ መስለሽኝ ዝም አልኩ፤ ይቺ ምስኪን የልቧ ይድረስ ብዬ።

ቨርና፦ በእኔ ክፍል አይደለማ የምሰቅለው! ባንቺ ክፍል ነው!

ፐርል፦ እሱ እንኳ ገርሞኝ ነበር።

ቨርና፦ እሺ አሁንስ? ሁለት እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ ቆሜ ስታገኚኝ ምን መሰለሽ?

ፐርል፦ ሐኪሙ ለትከሻሽ ያዘዘልሽ ስፖርት። እንዲያውም በሆዴ፣ ዛሬስ ጎበዘች አልኩ።