ድንኳን የተተከለላት ተማሪ

ተማሪን መደገፍ ታላቅ ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ ሌላው ዓለም ገና በዳዴ ሲሄድበት፣ በካርቱም ከተማ፣ አርካዊት ሰፈር፣ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ የተቋቋመው የሐበሾች ኮሌጅ ከፍጻሜ አድርሶታል። ኮሌጁ ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍና ያስተምራል፤ ብሎን የማይፈታ፣ መርፌ የማይወጋ ትምህርት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት የደፈረ ሰው ድጋፍ እንደሚያሻው አርቀው የተመለከቱት መሥራቾች፣ በደረጃው ግድግዳ ላይ በትልልቁ አስጽፈዋል፦ «ተማሪዎቻችንን በገንዘብ፣ በትምህርትና በሙያ እንደግፋለን።» ከሥሩ ወደ ድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ የሚመራ ቀስት ተሥሏል። ቀስቱ ወደ ቀኝ ያመለክታል፤ ጽሕፈት ቤቱ ያለው በግራ ነው። የቸገረው ፈልጎ አያጣውም ተብሎ ታምኖበታል።

ፅዮን ይህን ቀስት አራት ዓመት አይታዋለች። ጠዋት ጠዋት አል-ማንሺያ ውስጥ በአንዲት ሱዳናዊት ሐጃ ቤት ወለል ትወለውላለች፣ ጀለቢያ ትተኩሳለች። ከቀትር በኋላ በሐፍላ አውቶቡስ ተጨናንቃ አርካዊት ትደርስና ታሪክ ትማራለች። ሳሙና ያቆሳሰለው እጇ ብዕር ሲይዝ ግን ተአምር ነው፤ የሠፈሩ ሰው አገር ቤት የሚልከውን ደብዳቤ እሷ ናት የምትጽፈው። ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ሰፈር ያለው የሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤትም «ልጆቻችን አማርኛውን እየረሱት ነው፣ የምስክር ወረቀትሽን ይዘሽ ብቻ ነይ» ብሎ የአስተማሪነት ቦታ ይዞላታል።

አንድ መንፈቅ ሲቀራት ደቡብ ሱዳን ተገንጥሎ ዶላር ሰማይ ወጣ። ኮሌጁም ከዶላር ማነስ አልፈለገምና የመመዝገቢያውን ክፍያ እጥፍ አደረገው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልከፈለች የመጨረሻውን ፈተና አትቀመጥም፤ ካልተቀመጠች ደግሞ የአራት ዓመት ልፋቷ የእንቧይ ካብ ሆኖ ይቀራል። ፅዮን ፈራች። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ በአራተኛው ቀን ቀስቱን ትታ ወደ ግራ ታጠፈች።

በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ካርቱም ሠላሳ ዓመት የኖሩት፣ ባሕሪ ጋራዥ ያላቸው አቶ ማዘንጊያ ናቸው፤ የኮሌጁም የእድሩም ሊቀ መንበር እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ውብሸት ነው፤ የኮሌጁም የእድሩም ጸሐፊ። ሁለቱ ማኅተሞች በአንድ መሳቢያ ውስጥ በፍቅር ይኖራሉ።

«አህለን ፅዮን፣» አሉ አቶ ማዘንጊያ ጉዳይዋን ሰምተው፣ «መቼ አቋረጥሽ?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ትምህርቱን ነዋ።»

«ኧረ አላቋረጥኩም። እንዳላቋርጥ ነው የመጣሁት።»

አቶ ማዘንጊያ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ውብሸት ዞሩ። «ምንም ሳትሆን ነው እንዴ የመጣችው?»

«ደህና ናት፣» አለ ውብሸት ደንቡን ገልጦ። «አንቀጽ አራት። ድጋፍ የሚሰጠው ጉዳት መድረሱ በሦስት ምስክር ሲረጋገጥ ነው። አንቺ ገና ጉዳት አልደረሰብሽም።»

«ሊደርስብኝ ነው እኮ!»

«ሲደርስ ትመጫለሽ፣ ኢንሻላህ።»

የዚህ ደንብ አመጣጥ ሊነገር ይገባዋል። ኮሌጁ ፈቃድ ሲጠይቅ «የተማሪ ድጋፍ ደንብ በሳምንት ውስጥ አምጡ» ተባለ። ውብሸት አንድ ሌሊት አሰበበትና፣ ሐበሻ በካርቱም ካወጣቸው ሕጎች ሁሉ ያለ እንከን የሠራው የእድሩ ደንብ መሆኑን አስታወሰ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ሟች አቤቱታ አላቀረበበትም! ስለዚህ «ሟች» የሚለውን እየሰረዘ «ተማሪ» እያለ ገለበጠው። ፈቃድ ሰጪውም ደንቡ ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ማሟላቱን አይቶ አደነቀ፤ እንዲህ ለተማሪው የሚያስብ ኮሌጅ ገጥሞት አያውቅም ነበር።

«የትምህርት ድጋፉስ?» አለች ፅዮን ተስፋ ሳትቆርጥ። «የፍልስፍናው መምህር ከጠፋ ሁለት ወሩ ነው።»

«እሱም አለልሽ። መምህራኑ አንድ ሳይቀሩ መጥተው ሦስት ቀን ካንቺ ጋር ይቀመጣሉ።»

«መቼ?»

«ስታቋርጪ።»

«የሙያውስ?»

«ድንኳን ተካዩ፣ ንፍሮ ቀቃዩ፣ ወንበር አመላላሹ፣ ሁሉም በየሙያው ይሰለፍልሻል፣» አሉ አቶ ማዘንጊያ፣ ድምፃቸው በርኅራኄ ርሶ። «አይዞሽ ልጄ። ብቻሽን አይደለሽም።»

ማታ ነገሩን ለየኔነሽ አጫወተቻት። የኔነሽ አብራት የምትኖር፣ ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ፣ ፊደል ያልቆጠረች ስለሆነች ነገሩ ወዲያው ገባት።

«ታዲያ አቋርጪያ!»

«ምን?»

«አቋርጫለሁ በያቸው። የድጋፉን ጉሩሽ ተቀበይና በነጋታው ሄደሽ ተመዝገቢ። ከላስ! ሳይሞት እድር የበላ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ፅዮን የማቋረጫ ደብዳቤዋን ጻፈች። ማታለያ መሆኑን ልቧ ያውቃል። ደብዳቤው ግን እንደ ልማዷ ስላማረ፣ ውብሸት ሲያነበው እንባው መጣ።

በማግስቱ ጥሩምባ ነፊው በባለ ሦስት እግር ረክሻ እየዞረ ሰፈሩን ቀሰቀሰ፦ «የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፅዮን በድንገት ከትምህርት ዓለም ስለተለየች፣ ያልተገኘ አባል ይቀጣል!» ከኮሌጁ በር ፊት ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ፅዮን ከፊት ወንበር ላይ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀመጠች። አቶ ማዘንጊያ ተነሥተው ስለ ሟቹ ትምህርት ንግግር አደረጉ፤ ትጉህ እንደነበረ፣ ሰው እንደሚያከብር፣ ገና በለጋነቱ እንደተቀጠፈ ገለጹ። ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ።

ከሥር ያለው የጎማ ጥገና ባለቤት ኦመር ድንኳኑን አይቶ፣ ቅባቱን በጨርቅ ጠርጎ ገባና ሁለት እጁን ዘርግቶ ለሟች የሚደረገውን ፋትሐ አደረገ። «አልበረካ ፊኩም» ብሎ ካጽናና በኋላ ወደ ፅዮን ጎንበስ አለ። «ሟቹ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣» አለች በዐረብኛ።

«ያ ሳቲር!» አለ ደንግጦ።

ክፍያ አጥታ ያቋረጠች መሆኗን ስታስረዳው ኦመር ብዙ አሰበ። «ይህ ሁሉ ሰው ትናንት የት ነበር?» ብሎ ጠየቀና፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሃያ ጊኔ በእጇ አስይዟት ወጣ። በአራት ዓመት ውስጥ ያለ ማመልከቻ ያገኘችው ድጋፍ ይኸው ነው።

የቅጣት ነገር ሲነሣ ደግሞ የሐበሻ እግር አይሰንፍም። ሁለት ወር የጠፋው የፍልስፍና መምህር ማሩ፣ የሚነዳትን አምጃድ ታክሲ አቁሞ ከማለዳው ከች አለ። የኮሌጁ ደመወዝ ስለማይበቃው አምጃድ ይነዳል፤ ከክፍል ሲቀር የሚቀጣው የለም፣ ከለቅሶ ሲቀር ግን ይቀጣል። ከፅዮን ጎን ሦስት ቀን ሲቀመጥ ሥራ ቢፈታ፣ ቀስ እያለ የመንፈቁን ትምህርት ጀመረላት። ንፍሮውን እየቆረጠመ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አደረሳት። ፅዮን በትምህርት ላይ ሳለች እንዲህ ተምራ አታውቅም።

በሠልስቱ ገንዘቡ በፖስታ ታሽጎ ተሰጣት። ፅዮን ፖስታውን ሳትከፍት እየሮጠች ወደ ምዝገባ ክፍል ወጣች። መዝጋቢው ያው ውብሸት ነው፤ ወንበሩን ቀይሯል።

«ልመዝገብ።»

«አትችይም። ተለይተሻል።»

«ትናንት አጠገቤ ተቀምጠህ ንፍሮ በልተሃል እኮ!»

«እሱን አይቼ ነው ተለይተሻል የምልሽ።»

«የመመለሻ አንቀጽ የለም?»

ውብሸት ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ፤ ክፉ ሰው አይደለም። «የለም፣» አለ በሐዘን። «በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የተመለሰ ሰው የለም። ማሌሽ።»

ፅዮን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ድንኳኑ ውስጥ ያላፈሰሰችውን እንባ ያን ዕለት አፈሰሰችው። ከራሷ ላይ ግድግዳው «እንደግፋለን» ይላል፤ ባሕሪ ያሉት ልጆች ወረቀቷን ይጠብቃሉ፤ እሷ በጉልበቷ ላይ የተከፈለ ገንዘብ ይዛ የሚቀበላት አጥታለች። በየኔነሽም በራሷም ተናደደች።

ከዚያ በኋላ የሆነው የኮሌጁ የክብር ዘመን ነው። እንደ እሷ መጨረሻው ዓመት ላይ ያሉት የቀሩት አሥራ ሦስት ተማሪዎች የፅዮንን ፖስታ አይተው ነበርና በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሁሉም አቋረጡ። ድንኳኑን መንቀል ቀረ፤ ድስቱ ሳይታጠብ ይጣዳል። አቶ ማዘንጊያ በግድግዳው ላይ «መቶ በመቶ ተማሪዎቻችን ሙሉ ድጋፍ አግኝተዋል» የሚል ጽሑፍ አስጨመሩ። ጽሑፉ ሳይደርቅ ኮሌጁ ባዶ መቅረቱ ታወቀ።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ተማሪ የሌለው ኮሌጅ ምን ይባላል? ውብሸት አንቀጽ አራትን ገለጠ። ጉዳት ደርሷል፤ ምስክሩም ከሦስት ይበልጣል። በሙሉ ድምፅ ለኮሌጁ ድንኳን እንዲተከልለት ተወሰነ።

ያን ጊዜ አቶ ማዘንጊያ ፅዮንን አስጠሩ። «የሟቹን የሕይወት ታሪክ የሚጽፍልን ሰው አጣን። አንቺ ጽሑፍ ትችያለሽ አሉ። ይኸው የሙያ ድጋፍሽ መጣልሽ!»

ፅዮን ብዕሯን አወጣች። «እጽፋለሁ ጋሼ። ግን ድንኳኑ ውስጥ እስካነበው ማንም አያየውም። የሟች ክብር ነው።»

«ደንብ ነው፣» አሉ አቶ ማዘንጊያ በአድናቆት።

በለቅሶው ዕለት ያልመጣ አልነበረም። መምህራኑ ቅጣት ፈርተው፣ አሥራ ሦስቱ ተማሪዎች ንፍሮ ለምደው፣ ኦመርም «ደግሞ ማን ሞተ?» ብሎ መጥቷል። ፅዮን ቆማ አነበበች። ሟቹ ከጎማ ቤት በላይ መወለዱን፣ የተራበን ሳያበላ ለጠገበ ድግስ መደገሱን፣ ለሁሉም ቢሆን ደግ እጅ እንደነበረው፣ እጁም የሚዘረጋው ካለፈ በኋላ ብቻ መሆኑን በሚያምር አማርኛ ዘረዘረች። ሕዝቡ አለቀሰ። ከዚያም ሁለተኛውን ወረቀት አወጣች።

«ሟቹ ከማለፉ በፊት የተናዘዘው ኑዛዜ» አለች። «እኔ ኮሌጁ፣ ልጆቼ የተሰጣቸው ገንዘብ የመመዝገቢያ ክፍያ ሆኖ እንዲያዝላቸው፣ በሦስቱ የለቅሶ ቀናት መምህራኑ ከዚሁ ወንበር ሳይነሡ ጎደሎውን አስተምረው እንዲፈትኗቸው፣ ፈተናውን ላለፈውም ማኅተሜ የሰፈረበት ወረቀት በሠልስቴ እንዲሰጠው እናዘዛለሁ። ቃሌን ያፈረሰ ድንኳን አይተከልለት።»

ውብሸት ብድግ አለ። «ኮሌጅ ይናዘዛል እንዴ?»

የእድሩ ታላቅ የሆኑት እማማ ስንቅነሽ በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። «ድንኳን የተተከለለት ይናዘዛል! ንፍሮውን ስትቆረጥም ሟች ነው፣ ቃሉ ሲነበብ አይደለም ልትል ነው? የሟች ቃል አይሻርም!»

«አይሻርም!» አለ ሕዝቡ። አቶ ማዘንጊያ ዙሪያቸውን አዩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኑዛዜ አስከብረዋል፤ ዛሬ ቢሽሩ ነገ የሳቸውን ማን ያከብራል? ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስለዚህ በዚያ ድንኳን ውስጥ፣ በሦስት ቀን፣ ኮሌጁ በሕይወቱ ያልሠራውን ሠራ። ማሩ አንድም ሰዓት አልቀረም። ተማሪዎቹ ጭናቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው ተፈተኑ፤ ፅዮን ያልተከፈተ ፖስታዋን አስረክባ ተመዘገበች። በሠልስቱ አቶ ማዘንጊያ ከመሳቢያቸው ማኅተሙን አውጥተው አሥራ አራት ወረቀት ላይ አሳረፉ።

የፅዮን ተራ ሲደርስ እጃቸውን አዘገዩ። «ውብሸት ሙሉ ደንብ ሲገለብጥ አንዲት ሐረግ አላማረችለትም። እንዲህ የምትጽፊ ልጅ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

ፅዮን ወረቀቷን ተቀብላ ማኅተሙ እንዲደርቅ እፍ አለችበት።

«ደጃችሁ ላይ ጋሼ፣» አለች። «ገና ሳልሞት።»