«ፈደሉ» የሚባለው ምግብ ከየት መጣ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ «ተመስገን» ብዬ ነበር የምገባው!

የሆነውን ከመንገሬ በፊት ግን ቃል ግቡልኝ። ስክሪንሻት የለም። ሼር የለም። ለከሰላ ሰው መላክማ ጭራሽ የለም፤ ከሰላ የሚያውቀው በቅቶኛል።

አዲስ ለመጣችሁ፦ እኔ ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የስልክ ቻርጀርና ከቨር የምሸጥ ሴት ነኝ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ እዚህ ፔጅ ላይ ስለ ነገሮች አመጣጥ እጽፋለሁ። ቦርሳና ጎማ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን እንደመጡ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። ብርቱካን ስሙን ከፖርቱጋል እንደወሰደ ስጽፍ ግማሾቻችሁ «እግዜር ይስጥሽ» አላችሁኝ፣ ግማሾቻችሁ «ሥራ ፈት» አላችሁኝ። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም።

ታዲያ ስለ ፈደሉ የጻፍኩትን ታስታውሱታላችሁ?

አዎ፣ ያንኑ። ላይክ የዘነበበትን!

ላላያችሁት፦ ፈደሉ እናቴ የምትሠራው የማሽላ ገንፎ ነው። የደረቀ ባሚያ ተወቅጦ የተሠራ ወጥ ይፈስበታል፣ በርበሬም ጣል ይደረግበታል። ከተወለድኩ ጀምሮ እየበላሁት ነው ያደግኩት። ሌላ ቤት ግን ይህን ስም ሰምቼ አላውቅም። ሌላ ቤት ከሌለ ደግሞ ብርቅ ነገር ነው ማለት ነዋ!

እናም አሰብኩ። ፈደሉ... ፊደል... አያችሁ? አያችሁ አይደል?

እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «ፈደሉ ስሙን ያገኘው ከፊደል ነው። ጥንት ጎንደር ውስጥ ፊደል የሚቆጥሩ ተማሪዎች አእምሯቸው እንዲከፈት የሚመገቡት ነበር። ኋላ መኳንንቱ ሰምተው ወደ ግብራቸው አስገቡት።»

ማን ነገረሽ? በሉኝ። ማንም!

ሲነበብ ግን እውነት ይመስላል። እንዲያውም አንዱ ኮሜንት ላይ መጥቶ «አያቴም ይሉት ነበር» ብሎ መሰከረልኝ። ምስክር ካገኘሁ በኋላማ ማን ይቻለኝ።

ወደ ዛሬው ልምጣ።

ዛሬ ሽማግሌ ተላከብኝ!

አዎ፣ እኔ ላይ። እልል ለማለት አትቸኩሉ፣ ቆዩ።

ልጁ ይርጋ ይባላል። በከሰላና በገዳሪፍ መካከል አውቶቡስ ይነዳል። ቻርጀር ሊገዛ መጥቶ ነው የተዋወቅነው። ከዚያ ወዲህ ቻርጀር እየጠፋበት ተቸገረ። ለአንዲት ስልክ ያን ሁሉ ቻርጀር የገዛ ሰው በዘመኔ አላየሁም።

ጭንቀቴ እናቴ ነበረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን፣ ይርጋ ደግሞ ከሰላ ሊወስደኝ ነው። ሽማግሌ እንደሚመጣ ከነገርኳት ጀምሮ ደስ ይበላት ይክፋት አልታወቀም። «ሲመጡ እንሰማቸዋለን» አለች፣ በቃ። እሷ እምቢ ካለች ጥያት አልሄድም። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፣ ይርጋም ያውቀዋል።

ስለዚህ ዛሬ ሁሉም ነገር በእናቴ አንደበት ላይ ነበር። እኔ ደግሞ በዚህ ቀን ነው እንግዲህ የተዋረድኩት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ዋናው ተናጋሪ አያ አበጀ ናቸው፣ ይርጋን ያሳደጉት አጎቱ። ይርጋ በወጉ መሠረት አልገባም። ውጪ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጦ ቴክስት ይልካል። «ገቡ?» «ተቀመጡ?» «እማማ ፊታቸው እንዴት ነው?»

አልተቀመጡም! የኛን ሽማግሌ ታውቁታላችሁ። ቆሞ «ጉዳይ አለን» ይላል፣ በስንት ልመና ይቀመጣል፣ እህል ቢቀርብለት መልስ ሳይሰማ አይቀምስም።

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። የሠርጌ ጉዳይ እንዴት እንደሚያልቅ በቀዳዳ እያየሁ ነው።

አያ አበጀ ጉዳያቸውን አሳምረው ተናገሩ። ሲጨርሱም «ይርጋን ልጅ አድርጊልን» አሉ።

እናቴ ነጠላዋን ማስተካከል ያዘች።

መልሱ ሲዘገይ አያ አበጀ ጨዋታ ሊያመጡ ፈለጉ። ምነው ሌላ ጨዋታ ባመጡ! «መቼም ልጅሽ ምሁር ናት» አሉ። «ይርጋ ጽሑፏን ሲያነብልን ሰምተናል። ያ የመኳንንቱ ምግብ፣ ፈደሉ፣ እዚህ ቤት ነው አሉ የሚሠራው። መቅመሱ ለወጉ ቢቆይም ማየቱ ኃጢአት የለውም።»

እናቴ ቀስ ብላ ወደ መጋረጃው ዞረች። «የማን ምግብ?» አለች።

እናቴ የኔን ፔጅ አይታ አታውቅም፣ ስልክ የምትነካው ሲደወልላት ብቻ ነው። እስከ ዛሬ በሰላም የኖርኩት በዚህ ነበር።

ልክ በዚህ ሰዓት ሃጃ ሳድያ ገቡ። ሃጃ ሳድያ ሱዳናዊት ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴን ሊያግዙ ከጠዋት ጀምረው ማድ ቤት ነበሩ። ትልቁን ሳህን ተሸክመው መጥተው ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጡና፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ በዚያ ሰፊ ፈገግታቸው በዓረብኛ እንዲህ አሉ፦

«ያላ ያ ጀማዓ፣ ኢትፈደሉ! ዓሲዳ!»

ዓረብኛ ለማታውቁ፦ «ያላ ያ ጀማዓ» ማለት «በሉ እንግዲህ ሰዎች»፣ «ኢትፈደሉ» ማለት «እንካችሁ፣ ብሉ፣ የናንተው ነው» ማለት ነው። ዓሲዳ ደግሞ እዚህ አገር በየቤቱ የሚበላ ገንፎ ነው።

አያ አበጀ ሳህኑን አዩ። ሃጃን አዩ። «ኢት... ፈደሉ» አሉ ረጋ ብለው፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ።

ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸው። ሦስተኛው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁ፣ ግን አልቻሉም።

እስቲ ፍረዱኝ! እኔ ገበያ ላይ ቀኑን ሙሉ «ኢትፈደል ያ አኹይ፣ ኢትፈደሊ ያ ኡኽቲ»፣ እንካ ወንድሜ፣ እንኪ እህቴ፣ እያልኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። አንድም ቀን ጆሮዬ አላገናኘውም! ሃጃ ሳድያ ቤት ስበላው ዓሲዳ ነው፣ እኛ ቤት ስበላው ፈደሉ ነው። ሁለት የተለያየ ምግብ ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

የኛ በርበሬ አለዋ! አትሳቁ!

ስልኬ ነዘረ። ይርጋ ነው። «ሳቅ ሰማሁ! ተስማሙ?»

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ነይ ውጪ» አለችኝ።

ወጣሁ። «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» አለች። ምን አማራጭ አለኝ፣ ተናገርኩ። ተማሪዎቹን ነገርኳት፣ መኳንንቱንም ነገርኳት። ድምፄ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ግብሩ ላይ ስደርስ እኔም አልሰማሁትም።

ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ሳህኑን እያየች፣ ለኔ አንድ ቀን ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ለእንግዶቹ መናገር ጀመረች።

የሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ ነው። እናቴ ገና ልጃገረድ ናት። ከአባቷ ጋር ከጃናሞራ በእግር ወርደው ድንበሩን ተሻገሩ። ሌሎቹ የቤቱ ሰዎች የት እንደቀሩ አልተናገረችም፣ ክፍሉ ውስጥም የጠየቃት አልነበረም። ዶካ አጠገብ አንድ መንደር ደረሱ። አባቷ ጎተራ የነበረው ገበሬ ነው፣ በሰው ደጅ ቆሞ አያውቅም። መለመኑ አሳፍሮት ለመንደሩ ጀርባውን ሰጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።

አንዲት ሴት ከግቢዋ ወጣች። ዞራ ፊቱ መጥታ ሳህን አስቀመጠችና «ኢትፈደሉ» አለች።

አባቷ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቃት።

እናቴ ያኔ አንድ የዓረብኛ ቃል አታውቅም። «የምግቡን ስም ነው የነገረችን፤ ፈደሉ ይባላል» አለችው።

በላ። ሳህኑን ጠርጎ በላ። ከዚያም «ማለፊያ ምግብ ነው፣ ፈደሉ» አለ።

ካምፕ ከገቡ በኋላ ታመመ። ሬሽኑ አልስማማው ሲል «ያን ፈደሉ ባገኝ» ይላት ነበር። ከየት ታምጣለት? ክረምቱ ሳይገባ ሞተ።

«ዓረብኛውን ኋላ ለመድኩት» አለች እናቴ። «ስሙ ዓሲዳ እንደሆነም አወቅሁ። አባቴ ግን ፈደሉ እንዳለው ሞተ። ምን ብዬ ላርመው?»

ወገኖቼ፣ አለቀስኩ። ለሽማግሌ የተኳልኩት ኩል አገጬ ድረስ ወረደ። አያቴን በአካል አላውቀውም፤ ለካስ ስንቀመጥ ስንነሳ ስንጠራ የኖርነው የሱን ቃል ነው። እኔ ደግሞ ወስጄ ለመኳንንት ሰጠሁበት።

ፍርሃትም ያዘኝ። የመኳንንት ምግብ በልታ ያደገች ናት ተብሎ የተመጣላት ልጅ፣ አያቷ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ረሃብተኛ ሆኖ ተገኘ። አሁን ምን ይላሉ?

አያ አበጀ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እኛም በዚያው ዓመት ነው የገባነው» አሉ። «እግሬ ቆስሎ ክሊኒክ ወሰዱኝ። አንድ ሱዳናዊ ቁስሌን አጥቦ በነጭ ጨርቅ ይጠቀልልልኛል። በጠቀለለ ቁጥር ‹ማሌሽ፣ ማሌሽ› ይለኛል። እኔ የፋሻው ስም መሰለኝ!»

ማሌሽ ማለት «ይቅርታ፣ አይዞህ» ማለት ነው።

«እስከ ዛሬ እኛ ቤት ፋሻ ማሌሽ ነው የሚባለው» አሉ። «ይርጋ ልጅ ሆኖ ‹ማሌሽ ግዛ› ብለን መድኃኒት ቤት ሰደድነው። ‹ማሌሽ› ቢለው ሰውየው ‹ምን አጠፋህ ልጄ?› አለው።»

እናቴ ሳቀች!

እናቴ! አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪርገበገብ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ሃጃ ሳድያ ምን እንደተባለ ካልተነገረኝ ብለው ያዙኝ፣ እያለቀስኩም እየሳቅኩም በዓረብኛ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ እናቴ አጠገብ ተቀመጡና እጇን ያዙ።

ሁሉም ረጋ ሲል አያ አበጀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እመቤት፣ ምግቡ እየበረደ ነው» አሉ። «እኛ ደግሞ መልስ ሳንሰማ አንቀምስም። ልጅሽን ትሰጪናለሽ ወይስ እንነሳ?»

እናቴ አየችኝ። የተበላሸ ኩሌን፣ እጄ ላይ ያለውን ስልክ፣ ሁሉን አየችው። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጇ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችና አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች።

«ኢትፈደሉ!»

እኔም ገንፎውም በአንድ ቃል ተሰጠን! ሃጃ ሳድያ እልልታውን አቀለጡት፤ አሁን እናንተም እልል ማለት ትችላላችሁ።

ለይርጋ ጻፍኩለት። «እናቴ ኢትፈደል ብላሃለች።»

መለሰልኝ። «ውይ፣ ምግብ ቀረበ እንዴ? ለኔም አስቀሪልኝ።»

ምን ዓይነት ሰው ነው የማገባው!

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ያን ፖስት ዲሊት ላደርገው ስልኬን አነሳሁ። እናቴ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝና «አታጥፊው፣ አርሚው» አለችኝ። «የሴትየዋንም ነገር ጻፊ። ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም። ቢርበንም መጠየቅ ነበረብን።»

አርሜዋለሁ፤ መኳንንቱ ወጥተው ሴትዮዋ ገብታለች። ከዛሬው ውርደት የተማርኩት ይኸው ነው፦ የዓለምን ነገር አመጣጥ ከመበርበርሽ በፊት ራትሽን ማን ስም እንዳወጣለት እናትሽን ጠይቂ።

አንተ «አያቴም ይሉት ነበር» ያልከው ሰውዬ ደግሞ፣ ስማኝ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ «ውሸታም!» እያልኩ ስስቅብህ ነበር። አሁን ግን አሰብኩ፣ ምናልባት እውነትህን ቢሆንስ?

አያትህ ወደ ሱዳን በየት በኩል ነበር የገቡት? በዶካ በኩል ይሆን? እባክህ ጠይቅልኝ፤ የሴትየዋን ስም የሚያውቁት ከሆነ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው።