በቦርቦን የተጠየቀች ልጅ

በአገራችን ጠርሙስ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚጠጣና የሚታይ። የሚጠጣው በየጠረጴዛው ሥር ተጋድሞ ይገኛል። የሚታየው ግን ቡፌ ውስጥ፣ በሠርግ ፎቶግራፍና በፕላስቲክ አበባ መካከል፣ እንደ ጠቅላይ ገዥ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። እንግዳ ሲመጣ ይታያል፤ እንግዳ ሲሄድ ይወለወላል። ከፍቶ መቅመስማ ነውር ነው! እንዲያውም ባዶውን ጠርሙስ ሻይ ሞልተው መልሰው የሚያቆሙ ሰዎች አውቃለሁ። ታዲያ ይሄ አያናድድም? እናንተን ካላናደደ እኔን ያናድደኛል። ለመሆኑ ጤፍ ዘርቶ፣ አርሞ፣ አጭዶ፣ ከዚያ በመስኮት በኩል ለጎረቤት ሲያሳይ የሚኖር ገበሬ የታለ?

እኔ መጠጥ የሚገዛው ለመጠጣት ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ደመወዜ ግን እምነቴን የሚመጥን አይደለም። ስለዚህ ከጓደኛዬ ከዳኛቸው ጋር አንድ ሥርዓት አበጅተናል። ዳኛቸው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኬሚስትሪ የሚያስተምር የአሰላ ልጅ ነው። ትልቅ በዓል ሲደርስ እናዋጣና አንድ ጠርሙስ የውጭ መጠጥ እንገዛለን። ከዚያ ጥቂት ጥቂት እየቀመስን፣ እየተከራከርን፣ ቀጥሎ የሚገዛው የትኛው ይሁን እያልን እስከሚመጣው በዓል እንደርሳለን። ሕጋችን አጭር ነው፤ ለስም አንከፍልም፣ ለጠርሙስ ቅርጽ አንከፍልም፣ ውስጡ ላለው ብቻ እንከፍላለን።

ከቦርቦን ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ስንል ነው። ቦርቦን አሜሪካኖች ከበቆሎ የሚያወጡት ውስኪ ነው። ውስጡ በእሳት በተለበለበ የእንጨት በርሜል ዓመታት ይቀመጣል። እኛ ለጠላ ጋኑን በወይራ እናጥነው የለ? እነሱ ከማጠን አልፈው አቃጠሉት በሉት። ቀመስነው፤ ወደድነው። ዋጋውም ሰው ሁሉ ስሙን በጠራ ቁጥር ከሚሰግድለት ከዚያ ከሌላው ውስኪ ያንሳል። ከዚያን ቀን ወዲህ የእኔና የዳኛቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ ቀጥሎ የትኛውን ቦርቦን እንሞክር?

ቀላል ጥያቄ መሰላችሁ? መሰላችሁ!

ሰፈራችን ያለው ግሮሰሪ ሁለት ዓይነት አምጥቶ ነበር። አንዱ አንገተ መቃ፣ ክዳኑ ወርቅማ፣ ሲያዩት ሙሽራ የሚመስል። ሌላው አጭር ወፍራም፣ አንዳች ጌጥ የሌለው። ሰው ላማክር ብል ከተማው በሙሉ ባለሙያ ሆኖ ቆየኝ። ስፖርት የሚያስተምረው ባልደረባዬ፣ ውዱን ግዛ፣ ነገር ያለምክንያት አይወደድም አለኝ። ያለምክንያት አይወደድም! ይህ ሰው ገበያ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ሰውዬ ደግሞ ጠርሙሱን አንሥተህ መዝነው፣ ከከበደ ጥሩ ነው ሲል መከረኝ። ጠርሙሱን ነው እንዴ የምንጠጣው ብዬ ጮህኩበት፤ ምላጩ አንገቴ ላይ ስለነበረ ግን ወዲያው ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። የግሮሰሪው ባለቤትም በየቀኑ ለማየት ብቻ መመላለሴ ቢሰለቻት፣ ጋሼ፣ ሊጠጡት ነው ወይስ ሊያገቡት አለችኝ።

በመጨረሻ ዳኛቸው መጣ። ሁለቱን ጠርሙሶች እያገላበጠ በጀርባቸው የተጻፈውን አነበበና ፈረደ። አጭሩ ጠንከር ያለ ነው፤ በርሜል ውስጥም ረዘም ያለ ጊዜ ተኝቷል፤ ዋጋው ግን ዝቅ ይላል። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ እንደሚባለው፣ ያኛው ተደግፎ የቆመው በክዳኑ ነው። አጭሩን ገዛንና በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ይዤው ገባሁ። ባለቤቴ ይታይሽ ምንድን ነው አለችኝ። ቦርቦን አልኳት።

«ቦርጭ?»

«ቦርቦን!»

«ቦርቦን ይሁን ቦርጭ፣ ከልጆቹ ደብተር አርቀህ አስቀምጥ።»

ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳኛቸው መጥቶ ሊከፈት ተቀጣጠርን።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታችን መሪጌታ ይባቤ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጄ ቆሙ። የይታይሽ ታናሽ ወንድም ሙሉቀን፣ በጋፋት መንገድ የሚኖሩትን የአያ አለምነውን ልጅ ስመኝን ወዷል፤ ወዳዋለች። ሽማግሌ የሚላከው ያን ዕለት ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ከመሪጌታ ጋር የምሄደው ሽማግሌ እኔው ነኝ። ያላወቅኩት፣ ባጃጁ ውስጥ ከገባን በኋላ ይታይሽ ሮጣ መጥታ መሪጌታ ጭን ላይ ምን እንዳስቀመጠች ነው። ጋዜጣውን ሳየው ቦርቦኔ መሆኑን አወቅኩ።

«ይታይሽ! ይሄ እኮ...»

«ባዶ እጃችሁን ልትሄዱ ነው? የምትድረው ወንድሜን ነው! ለራስህ ሌላ ትገዛለህ።»

ሌላ! ያን ሁሉ ቀን የመረጥኩትን፣ በምላጭ ሥር የተሟገትኩለትን፣ ሌላ ትገዛለህ! መልስ ሳልሰጥ ባጃጁ ተነሣ። መሪጌታ ጠርሙሱን በጋቢያቸው ሸፈኑና፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ አርቃ የምታስብ ሴት ናት አሉኝ።

አያ አለምነው ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲያዩ ሰው የሚመዝኑ አዛውንት ናቸው። እኛ በወጉ መሠረት ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። መሪጌታ ከግዕዙም ከአማርኛውም አቀላቅለው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለው አማረው ተናገሩ። ከዚያ ጠርሙሱን አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀረቡ። አያ አለምነው ተቀበሉት፤ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት።

«ምንድን ነው?»

«ውስኪ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ» አሉ መሪጌታ።

«የምን እህል ነው?»

መሪጌታ ዝም አሉ። እኔም ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው አንድን ነገር ያን ያህል ጊዜ ሲያጠና ከርሞ ሲጠየቅ ዝም ይላል? አፌ አመለጠኝና «በቆሎ» አልኩ።

አያ አለምነው ጠርሙሱን ከዓይናቸው ዝቅ አደረጉ።

«በቆሎ?» አሉ አያ አለምነው። «እኔ ልጄን በጤፍና በስንዴ ያሳደግኩ ሰው፣ በበቆሎ አረቄ ልትጠይቁኝ መጣችሁ?»

ይህን ጊዜ ጋፋት መድፍ የተቀለጠበት አገር መሆኑ ትዝ አለኝ፤ እኔም ፈነዳሁ። በቆሎ ቢሆንስ! የዚያ አገር ሕግ ነው፣ ከግማሽ በላይ በቆሎ ካልሆነ ቦርቦን አይባልም! በርሜሉ በእሳት ይለበለባል! አንድ ጊዜ ከተቀመጠበት በኋላ በዚያ በርሜል ቦርቦን አይደገምበትም!

«አይደገምበትም? በአንድ ጊዜ ይጥሉታል?» አሉ አያ አለምነው፤ የእንጨቱ ነገር ከበቆሎው ይልቅ አንገበገባቸው። «ይህን ያህል እንጨት! ባለጌዎች ናቸው።»

«ለሌላ ይሸጡታል እንጂ አይጥሉትም! አያ አለምነው፣ ይክፈቱትና ይቅመሱት፤ ቀምሰው ይፍረዱ!» አልኩ እጄን ወደ ጠርሙሱ ዘርግቼ።

«ቃል ሳይሰጥ በቤቴ መጠጥ አይከፈትም» አሉና ጠርሙሱን ወደ ጀርባቸው ሸሸጉት። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞረው፣ «ይህን ሰው ሽማግሌ ያደረገው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

መሪጌታ ኮቴን ጎተቱ፤ ወደ ኋላ አላልኩም። በእውነቱ ሙሉቀንን ረስቼዋለሁ። ስመኝንም ረስቻታለሁ። የማስበው እንግዲህ እዚያ ቤት ቡፌ ላይ ቆሞ አቧራ ሲጠጣ ስለሚኖረው ስለ ቦርቦኔ ነበር። አያ አለምነው በር በሩን ማየት ጀመሩ፤ ውጡልኝ ሊሉ አፋቸውን እንዳሞጠሞጡ ከጓዳ የሴት ድምፅ መጣ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ናቸው።

«እናንተ ሰዎች፣ የምትጠያየቁት ልጅ ነው እህል?»

ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

«ልጅቷ ወዳዋለች። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ነው፤ ሠራተኛ ነው። በቆሎውን እህል የምትገዙ ለታ ትነጋገሩበታላችሁ። አሁን ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። አያ አለምነውም ጥቂት ካጉረመረሙ በኋላ፣ ዘመድ አማክሬ ቁርጡን እነግራችኋለሁ ብለው ቀጠሮ ሰጡን፤ መሪጌታ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንግዲህ ቀጠሮም እንደ ቃል ነው፣ አሁን ይከፈታል ብዬ ምራቄን ዋጥኩ። የመጣልን ጠላ ነው። ጥሩ ጠላ ነበር፤ አላማውም። ጠርሙሱ ግን እንኳን ሊከፈት ቡፌም አላየ። አያ አለምነው ከአልጋ ሥር ሣጥን ስበው አስገቡትና ቆለፉበት፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። እሑድ ዳኛቸው ሁለት ብርጭቆ ይዞ መጣ። ምን እንዳለኝ አልነግራችሁም።

በቀጠሮው ቀን እሺ ተባለ፤ ሠርጉም አማረ። ሙሉቀንና ስመኝም ተስማምተው እየኖሩ ነው፤ በዚህ አልናደድም።

ከሠርጉ በኋላ ባለው በጋ ወገቤን አሞኝ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረድኩ። ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? አያ አለምነው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው በላይ ሰብስበው። ገና ሲያዩኝ ብድግ አሉና አቀፉኝ፤ እኔ ደግሞ እንደ ተቀየሙኝ ነበር የማስበው።

«ልጄ፣ ጌታ ይባርክህ! ያ ያመጣህልኝ መድኃኒት!»

«የትኛው መድኃኒት?»

«የበቆሎው ነዋ! መጠጥ ነው ብላችሁኝ አንድ ጊዜ ብቀምሰው አፌን ለበለበኝ፤ ብርጭቆው ከእጄ አምልጦ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ። ሌሊቱን እንዴት ያለ እንቅልፍ! ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጉልበቴን በእሱ አሽቼ በሱፍ እጠቀልለዋለሁ። ይኸው ዘንድሮ ከበሬ ኋላ ስውል ከረምኩ። ይህ ፍል ውኃ ከእሱ አይደርስም።»

አጭሩ፣ ወፍራሙ፣ በርሜል ውስጥ ተኝቶ የኖረው ቦርቦኔ! ጉልበት ላይ! እሳቸው ግን እጄን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አሁን አልቆብኛል። ሙሉቀን ግሮሰሪዋ ሌላ ሦስት ዓይነት አምጥታለች አለኝ። አንተ አዋቂው ነህ፤ ዋጋው የማይጎዳ፣ ለጉልበት ግን ጠልቆ የሚገባ የትኛው ነው? ቀጥሎ የትኛውን ልሞክር?»

ስንት ዘመን ስንመራመርበት የኖርነው ጥያቄ! ቁጣዬን እንደምንም ዋጥኩና፣ ይቺን ዕድል እንኳ አላሳልፋትም ብዬ፣ «አያ አለምነው፣ እንዲሁ በግምት አይሆንም። ከሦስቱም ያስገዙና እኔና ጓደኛዬ ቀምሰን እንነግርዎታለን» አልኳቸው።

እጄን ለቀቁት። ከእግር እስከ ራሴ በሐዘን ተመለከቱኝ፤ ከዚያም አጠገባቸው ወደተቀመጡት ታማሚዎች ዞረው፣ «እባካችሁ ለዚህ ልጅ ጠበል የምታውቁለት ጠቁሙት» አሉ። «የሚታሽ መድኃኒት ይጠጣል።»